ሴትን ቆጥሮ ሥልጣንን መርሳት፦ ከመስቀል ክብራ እስከ ሙጃ ቀበሌ

በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ዓመታዊ ሪፖርት ውስጥ የማይጠፋ አንድ ሠንጠረዥ አለ። «ወንድ፣ ሴት፣ ድምር» ይላል። በሰኔ ወር፣ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል ይሞላል። በአመራር ረድፉ ላይ የሴቶቹ ቁጥር ካለፈው ዓመት በአንድ ወይም በሁለት ከፍ ብሎ ከተገኘ፣ «በሥርዓተ ፆታ ረገድ አበረታች ውጤት ተመዝግቧል» የሚል ዐረፍተ ነገር ይጻፍና ጉዳዩ እስከሚቀጥለው ሰኔ ይታጠፋል። ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ከተገኘም ዐረፍተ ነገሩ ብዙ አይለወጥም፤ «በቀጣይ ትኩረት ተሰጥቶ ይሠራል» ይባላል።

ይህን የምጽፈው ሠንጠረዡን ለማጣጣል አይደለም። ቁጥር ባይኖር ኖሮ ችግሩ መኖሩን እንኳ ማስረዳት ባልተቻለ ነበር። ነገር ግን ታሪክን በሙያው የሚያገላብጥ ሰው ሠንጠረዡን ሲያይ አንድ ጥያቄ ያስጨንቀዋል። በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ሴቶች ከሥልጣን አጠገብ ያልነበሩበት ዘመን ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። እሌኒ፣ ሰብለ ወንጌል፣ ምንትዋብ፣ ጣይቱ፣ ዘውዲቱ እያልን መቁጠር እንወዳለን፤ በየዓመቱ የካቲት ሲመጣ ስማቸውን እናነሣለን። ይህን ያህል ብርቱ ሴቶች ያፈራ አገር፣ አንዲት ሴት በገዛ ስሟ ተሹማ፣ በገዛ ማኅተሟ ወስና፣ ጊዜዋ ሲደርስ ወንበሩን ለሌላ ሴት አስረክባ የምትወርድበትን ተቋም ሳይሠራ ስለ ምን ቀረ? የዚህ ጥያቄ መልስ የዛሬውን ሠንጠረዥ እንዴት ማንበብ እንዳለብን ይነግረናል ብዬ አምናለሁ።

የላስታዋ ንግሥት

ላስታ ሲነሣ የሁላችንም አሳብ የሚሮጠው ወደ ንጉሡ ነው። የጥንቷ ሮሐ እንኳ ስሟን ለእርሱ ለቅቃ ላሊበላ ተብላለች። ይሁን እንጂ ከዐሥራ አንዱ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት አንዱ የሆነውን ቤተ አባ ሊባኖስን ያሳነጸችው ንግሥት መስቀል ክብራ እንደ ሆነች፣ ያሳነጸችውም ለባሏ መታሰቢያ እንዲሆን እንደ ነበረ ትውፊት ይናገራል። ያ ቤተ ክርስቲያን በአራቱም ጎኑ ከአለቱ ተላቅቆ የቆመ ነው፤ ጣሪያው ግን ከተራራው ጋር እንደ ተያያዘ ነው።

ስለ ንግሥቲቱ ሌላም የሚተረክ አለ። ላሊበላ ዙፋኑን ለወንድሙ ልጅ ለነአኩቶ ለአብ እንዲለቅ የመከረችው እርሷ ናት ይባላል። ከዐሥራ ስምንት ወር ገደማ በኋላ ግን የአዲሱ ንጉሥ ወታደሮች የአንድ ምስኪን ገበሬ ብቸኛ ላም ለንጉሥ ማዕድ ብለው ነዱ። መስቀል ክብራም ይህን ባየች ጊዜ ባሏ ወደ ዙፋኑ እንዲመለስ አደረገች። የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ ደግሞ ከግብፅ በኩል የታየ ሌላ ገጽ ያሳየናል። ከዚያ የተላኩት ጳጳስ አቡነ ሚካኤል ወደ አገራቸው ተመልሰው አቤት ሲሉ፣ ንግሥቲቱ ሒሩን የተባለ ወንድሟን ኤጲስ ቆጶስ አድርገው እንዲሾሙ እንዳግባባቻቸው፣ እርሱም በኋላ ሥልጣናቸውን እንደ ነጠቃቸው ተናግረዋል።

ሦስቱን ታሪኮች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። በትውፊቱ ፍትሕ ዐዋቂ ናት፤ በግብፃውያኑ መዝገብ ዘመዷን ሿሚ ናት። የትኛው እንደሚበልጥ ለመፍረድ አልቸኩልም። ይልቅስ በሁሉም ዘንድ አንድ የሆነውን ነገር እንይ። ዙፋን የለቀቀው ንጉሥ ነው፤ የተመለሰው ንጉሥ ነው፤ የሾመውም ጳጳስ ነው። አሳቡ የእርሷ ሆኖ ሳለ ድርጊቱ በሦስቱም ቦታ የተመዘገበው በወንድ ስም ነው። ይህን ዓይነቱን ሥልጣን «የጆሮ ሥልጣን» ብንለው ያስኬዳል። ባለ ማኅተሙ እስከ ሰማ ድረስ ይኖራል። ጆሮው ሲደፈን፣ ሲታመም ወይም ሲሞት ግን አብሮ ይጠፋል።

ጆሮና ማኅተም

ከመስቀል ክብራ በኋላ የመጡት ታላላቅ ሴቶች ታሪክ በአመዛኙ በዚህ መሥመር ይጓዛል። የሐድያዋ ተወላጅ እቴጌ እሌኒ ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ በቤተ መንግሥት የኖረች፣ በሕፃኑ በልብነ ድንግል ዘመን ደግሞ አገሪቱን የመራች ሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1509 ገደማ ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላከችው እርሷ ነበረች። ማኅተሙ ወደ እጇ የቀረበው ግን ንጉሡ ሕፃን ስለ ነበረ ነው፤ ሕፃኑ አደገ፣ ማኅተሙም ተመለሰ። እቴጌ ምንትዋብ እ.ኤ.አ. በ1730 ከልጇ ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር ዘውድ እስከ መጫን ደርሳለች፤ መሠረቱ ግን ያው የእናትነት ሞግዚትነት ነበር።

ወደ ወሎ ጠጋ ብንል ደግሞ ወይዘሮ ወርቂቱን እናገኛለን። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጦ ሲመጣ አሳልፋ ለመስጠትም ለመሸኘትም የሚያስችል ኃይል በእጇ ነበር። ሸኘችው። ዐፄ ቴዎድሮስ በእጃቸው የነበረውን ልጇን ኢማም አመዴን በበቀል ገደሉት። ወርቂቱ በአገሯ ላይ ስትወስን እውነተኛ መሪ ነበረች፤ ነገር ግን የገዛችው በልጇ ስም ነበርና ልጇ ሲገደል የሐዘኗን ያህል የሥልጣኗም መሠረት ተናጋ።

የእቴጌ ጣይቱ ታሪክ ለአንባቢ አዲስ አይደለም፤ በውጫሌ ውል ላይ ያሳየችውን ጽናትና የመቀሌውን ምሽግ ውኃ ያስያዘችበትን ብልሃት ሁላችን እናውቃለን። ብዙ ጊዜ የማናስተውለው መጨረሻዋን ነው። ምኒልክ በታመሙባቸው ዓመታት ሹመትና ሽረት በእጇ ገባ፤ መኳንንቱም በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ እንድትርቅና ባሏን እንድታስታምም ወሰኑባት። የዐድዋዋ እቴጌ ሥልጣን የባሏን ጤና ያህል ብቻ ዕድሜ ነበረው ማለት ነው። እርሷን ለመሻር ሕግ መጥቀስም ሆነ ጥፋት ማስረዳት አላስፈለገም፤ ሲጀመርም በሕግ የተሰጣት ወንበር አልነበራትምና።

ማኅተም ያለ ጆሮ

እዚህ ላይ አንባቢ «ዘውዲቱስ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ዘውድ ስትጭን የማንም ሞግዚት አልነበረችም። በገዛ ስሟ፣ በአባቷ ልጅነት ነገሠች። በዘመናዊው የኢትዮጵያ ታሪክ ማኅተሙ በሴት ስም የተቀረጸበት ጊዜ ያ ነው።

ነገር ግን ማኅተሙ ምን ዋጋ ተከፍሎበት ተሰጠ? አንደኛ፣ ንግሥቲቱ ከባሏ ከራስ ጉግሣ ወሌ እንድትለይ ተደረገ። የየጁው የራስ ወሌ ልጅ፣ የእቴጌ ጣይቱ ወንድም ልጅ የሆነው ሰው በንግሥቲቱ አጠገብ ከተቀመጠ ሥልጣኑ ወደ እርሱ ይሄዳል ተብሎ ተፈርቷልና። ወንድ ንጉሥ ሲነግሥ ሚስቱን እንዲፈታ የተጠየቀበት ጊዜ አላውቅም። ሁለተኛ፣ አልጋ ወራሽ ሆኖ የተሾመው ራስ ተፈሪ የዕለት ተዕለቱን መንግሥት እንዲመራ ተወሰነ። ንግሥቲቱ የክብሩን ወንበር ያዘች፤ የውጭ ጉዳዩና የአስተዳደሩ ሥራ ግን እያደር ወደ አልጋ ወራሹ እጅ ተጠቃለለ። በ1921 ዓ.ም. ተፈሪ ንጉሥ ተባለ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ በአንቺም ጦርነት ተገደለ፤ በሁለተኛው ቀን መጋቢት 24 ንግሥቲቱ አረፈች።

እንግዲህ መስቀል ክብራ ጆሮ ነበራት፣ ማኅተም አልነበራትም። ዘውዲቱ ማኅተም ነበራት፣ የሚሰማት ጆሮ ግን እያነሰ ሄደ። ዛሬ በመሥሪያ ቤቶቻችን የምናየው የሴቶች አመራር በአብዛኛው ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ ነው። አንዷ የኃላፊው «ቀኝ እጅ» ናት፤ ሁሉን ትሠራለች፣ ስሟ ግን በውሳኔው ላይ የለም። ሌላዪቱ በትልቁ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ቅጥሩና ገንዘቡ ግን በምክትሏ በኩል ያልፋል።

ከዘውዲቱ በኋላ የሆነው ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዘውዱ በወንድ መስመር ብቻ እንዲተላለፍ ደነገገ። ሴት በነገሠች በ40 ዓመት ውስጥ ሴት መንገሥ በሕግ ተዘጋ ማለት ነው። የሚገርመው፣ ያው ሕገ መንግሥት ለሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብት መስጠቱ ነው። በዚህም እ.ኤ.አ. በ1957 በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆነች። ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ባልን የቤተሰቡ ራስ አደረገ፤ ሚስትም በሕጋዊ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ጻፈ። ይህ የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ እስከ ወጣበት እስከ 1992 ዓ.ም. ድረስ 40 ዓመት ቆየ። ለፓርላማ የተመረጠችው ሴት ቤቷ ስትገባ በሕግ ታዛዥ ነበረች። ይህን ሁኔታ ያመጣው «ባህል» ብቻ አልነበረም፤ በዘመናዊ ሕግ አርቃቂዎች እጅ አንቀጽ ተቆጥሮለት የተሠራ ነው። ኋላ ቀርነታችንን ሁሉ ለጥንቱ ባህል የምናሸክም ሰዎች ይህን ብናስተውለው መልካም ነው።

ሁለት ሌሎች መንገዶች

ታሪካችን ሌላ ነገር አላሳየንም ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። ከቤተ መንግሥት ውጭ ሁለት ቦታዎችን ብቻ ላንሣ።

የመጀመሪያው ገዳም ነው። ወለተ ጴጥሮስ (እ.ኤ.አ. 1592–1642) የዐፄ ሱስንዮስን የካቶሊክ እምነት ተቃውማ ባሏን ትታ የመነነች፣ በጣና አካባቢ የምእመናን ማኅበራትን ያቋቋመችና ያስተዳደረች እናት ናት። ገድሏ ከሞተች 30 ዓመት ገደማ በኋላ ተጽፏል። ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ እርሷ ካረፈች በኋላ የሆነው ነው። ማኅበሩን ባልንጀራዋ እኅተ ክርስቶስ ተረከበች። ከሴት ወደ ሴት፣ በልጅነት ወይም በሚስትነት ሳይሆን በማኅበሩ ሥርዓት ሥልጣን ተላለፈ። ተቋም የሚባለው ይህ ነው። ከእቴጌዎቻችን አንዳቸውም ይህን አላገኙም።

ሁለተኛው ርስት ነው። በአማራው አገር ርስት ከአባትም ከእናትም ወገን ይወረስ ስለ ነበር ሴት ልጅ የርስት ድርሻ የመጠየቅ መብት ነበራት። ዶናልድ ክራሚ የጎንደርን ዘመን የመሬት ሰነዶች ሲመረምር ሴቶችን በባለቤትነት፣ በሻጭነትና በገዥነት አግኝቷቸዋል። ሆኖም ሞፈርና ቀንበር የወንድ ነው ተብሎ ተወስኗልና ባል ያልነበራት ባለርስት መሬቷን በሌላ ሰው በሬ ማሳረስ ነበረባት። መብቱ በስሟ፣ ማረሻው በሌላ እጅ። ከገዳሙ የምንማረው ሥርዓት ካለ ሴት ሥልጣንን ልትወርስና ልታወርስ እንደምትችል ነው። ከርስቱ የምንማረው ደግሞ መብት ያለ መሣሪያ ግማሽ መብት መሆኑን ነው።

ቁጥሩ ሲያድግ፣ ተቋሙ ሲያንስ

የደርግን ዘመን በአጭሩ ልለፈው። ሴቶችን አደራጅቷል፣ መሃይምነትን ለማጥፋት ባደረገው ዘመቻ ብዙ ሴቶችን ፊደል አስቆጥሯል። ነገር ግን በመስከረም 1977 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢሠፓ ፖሊት ቢሮ 11 ሙሉ አባላት ሁሉም ወንዶች ነበሩ። «የጭቁኖች» ፓርቲ ከአገሩ ሕዝብ ግማሽ ከሚሆነው ወገን አንድ ሰው እንኳ በላዕላይ ወንበሩ ላይ አላስቀመጠም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ብቻ ሳይሆን ያለፈውን በደል የሚያካክስ ልዩ ድጋፍም ደነገገ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ማደግ ጀመረ። በ1992ቱ ምርጫ በተወካዮች ምክር ቤት የሴቶች ድርሻ 7.7 በመቶ ነበር፤ በ2002 ወደ 27.8፣ በ2007 ደግሞ ወደ 38.8 በመቶ ደረሰ። በዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ ላይ ይህ ከብዙ የበለጸጉ አገሮች ያስቀድማል።

ታዲያ የ2007ቱ ምክር ቤት ምን ዓይነት ምክር ቤት ነበር? ከ547 መቀመጫዎች ሁሉም በገዥው ግንባርና በአጋሮቹ የተያዙበት ነበር። 212 ሴቶች የገቡት አንድም የተቃውሞ ድምፅ ወደማይሰማበት አዳራሽ ነው። ውሳኔው የሚሰጠው 36 አባላት ባሉት የኢሕአዴግ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ነበር፤ በዚያ ደግሞ ሴቶቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሴቶች ወደ አንድ ተቋም በብዛት የሚገቡት ሥልጣኑ ከዚያ ተቋም ሲወጣ ነው የሚል ክፉ ጥርጣሬ እዚህ ላይ ይነሣል።

ጥርጣሬውን የሚያጠናክር ሌላ ነገር አለ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ከተመሠረተ በኋላ ለተበደሉ ሴቶች ጥብቅና የቆመ፣ ለ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ መሻሻል የታገለ ማኅበር ነበር። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችንና ማኅበራትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 621/2001 በመብት ላይ የሚሠሩ አገር በቀል ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ሲደነግግ ማኅበሩ አቅሙ ተዳክሞ ሥራውን ሊያጥፍ ተገደደ። አዋጁ የተሻረው በ2011 ዓ.ም. ነው። በምክር ቤቱ የሴቶች ቁጥር በፍጥነት ባደገባቸው ዓመታት፣ ስለ ሴቶች በነጻነት የሚጠይቀው አንደበት ታስሮ ነበር ማለት ነው። ሠንጠረዡ ይህን አያሳይም።

ከዚያ ጥቅምት 2011 መጣ። ከ20 የካቢኔ አባላት 10ሩ ሴቶች ሆኑ። ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ርዕሰ ብሔር፣ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት፣ በኅዳር ደግሞ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። ደስታው እውነተኛ ነበር፤ እኔም ተካፍየዋለሁ። በመስከረም 2014 የተሰየመው ካቢኔ ግን ከ22 ሚኒስትሮች 8ቱ ሴቶች ነበሩበት። ወይዘሮ መዓዛ በጥር 2015፣ ወይዘሪት ብርቱካን በሰኔ 2015 ከኃላፊነታቸው ለቀቁ፤ ወይዘሮ ሣህለ ወርቅም በመስከረም 2017 ተሰናበቱ። ሰው መለዋወጡ ነውር አይደለም። የሚያሳስበው፣ ግማሹን ያመጣው የአንድ መሪ በጎ ፈቃድ እንጂ ሕግ አልነበረምና ግማሹ ሲቀንስ ማንም «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅበት አንቀጽ አለመኖሩ ነው። በሌላ አነጋገር፣ በ2011 ዓ.ም. ያየነው የመስቀል ክብራን ዘመን የመሰለ ነገር ነበር፤ ጆሮ ነበረ።

ወደ ሙጃ ስንወርድ

ከአዲስ አበባ ይህን ስንጨቃጨቅ ሙጃ ምን ትላለች? ሙጃ የሰሜን ወሎዋ የግዳን ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከላስታ በስተምሥራቅ፣ በበልግ ገብስ በሚተዳደረው ደጋ ላይ። በዚያ አገር ሥልጣን ማለት የካቢኔ ወንበር አይደለም። ሥልጣን ማለት የሴፍቲኔት ስም ዝርዝር ሲጻፍ ማን ተቀምጧል፣ የድንበር ክርክር ሲታይ ማን ይመሰክራል፣ ዘርና ማዳበሪያ ሲከፋፈል ማን ይቀድማል ማለት ነው።

የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር መመሪያው በቀበሌ የምግብ ዋስትና ኮሚቴ ውስጥ የሴቶች ተወካይ እንድትኖር አዟል። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አብሮ እንዲሰፍርበት መደረጉ ደግሞ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት በእጇ የምትይዘው ማስረጃ አገኘች። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ በአገር ደረጃ ከ30 ሺህ የሚበልጡት፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ናቸው። በላይኛው ጫፍም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ዶክተር ሊያ ታደሰ፣ ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ዶክተር መቅደስ ዳባ በጤና ሚኒስትርነት ተሹመዋል።

ከታችም ሴት፣ ከላይም ሴት። ጥያቄው መካከሉ ነው። የጤና ኤክስቴንሽኗን የሚቆጣጠረው፣ የሚያዛውራት፣ ለትምህርት የሚልካት ወይም የሚያስቀራት የወረዳና የዞን ኃላፊ ማነው? ማንም ድርጅት ራሱን መመርመር ሲፈልግ መጀመር ያለበት ከዚህ ከመካከለኛው እርከን ነው፤ ሥራ የሚቆረጠውም የነገ መሪ የሚመለመለውም እዚያ ነውና። የክልሉን ነገር ብናይም ተመሳሳይ ነው። ወይዘሮ ወርቅሰሙ ማሞ የአማራ ክልል ምክር ቤት አፈ ጉባዔ ሆነው አገልግለዋል፤ ክልሉ ከተመሠረተ ጀምሮ ግን በርዕሰ መስተዳድርነት የተቀመጠች ሴት የለችም። ጉባዔ መምራት ተፈቅዷል፤ መንግሥት መምራት ገና ነው።

ሕንዶች ይህን ጉዳይ ቀድመውን አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1993 በሥራ ላይ በዋለው 73ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የመንደር ምክር ቤቶቻቸውን ወንበር ሲሶ ለሴቶች ከለሉ። ብዙም ሳይቆይ «ሰርፓንች ፓቲ» የሚል ስም ተፈጠረ፤ «የሊቀ መንበሯ ባል» ማለት ነው። ወንበሩ ላይ ሚስት፣ ማኅተሙ በባል ኪስ። ሆኖም ሕንዶቹ ሕጉን አልተዉትም። ወንበሩ በሕግ የተከለለ ስለ ሆነ ተራው በደረሰ ቁጥር ሌላ ሴት ትመጣለች፤ እያደር ማኅተሙን ከባሏ ኪስ ያወጣችው ብዙ ናት። የበጎ ፈቃድና የሕግ ልዩነት እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል።

ጦርነቱን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ሰሜን ወሎ የጦር ሜዳ ሆነ፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተከተለ። ወንዱ ሲዘምት፣ ሲሰደድ ወይም ሲሞት የቤቱ አመራር በሴቷ ትከሻ ላይ ይወድቃል። የመንደሩና የአገሩ ውሳኔ ግን ወደ እርሷ አይመጣም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነቱን በሁለቱ ወገኖች ስም የፈረሙት ሁለቱም ወንዶች ነበሩ። ያን ጦርነት በጓዳዋ፣ በልጇና በአካሏ የከፈለችው ሴት ስለ ሰላሙ የሚወስን ማኅተም አልነበራትም።

አራት ጥያቄዎች

እንግዲያውስ አንድ ተቋም፣ ሚኒስቴር ይሁን ባንክ፣ ዩኒቨርሲቲ ይሁን የሙጃ ቀበሌ፣ ራሱን በሐቅ መመርመር ቢፈልግ ታሪካችን አራት ጥያቄዎችን ያቀብለዋል።

የመጀመሪያው የእሌኒ ጥያቄ ነው፦ ሥልጣኗ ከየት መጣ? በውድድርና በደንብ ከመጣ ይጸናል። በአንድ ኃላፊ ቸርነት ከመጣ ኃላፊው ሲነሣ ይነሣል። ተቋሙ የሹመት መስፈርቱን በጽሑፍ አውጥቶ ለሠራተኛው ሁሉ ያሳውቃል ወይ?

ሁለተኛው የመስቀል ክብራ ጥያቄ ነው፦ ፊርማው የማን ነው? በጀት፣ ግዢ፣ ቅጥርና ዝውውር በማን ፊርማ ያልፋል? ሴቶቹ ኃላፊዎች በሕዝብ ግንኙነት፣ በሴቶች ጉዳይና በሥነ ምግባር ክፍል ብቻ ታጉረው ወንዶቹ ፋይናንሱንና ዕቅዱን ይዘው ከሆነ 50 በመቶ መሆኑ ምንም አይነግረንም። በተቀመጥኩባቸው ኮሚቴዎች ብዛት፣ አንዲት ሴት ብቻ ያለችበት ኮሚቴ ቃለ ጉባዔ ያዡን ለመምረጥ ድምፅ ሲሰጥ አላየሁም፤ ብዕሩ ዘወትር ወደ እርሷ ይሄዳል። ሌላው ተናጋሪ፣ እርሷ መዝጋቢ።

ሦስተኛው የዘውዲቱ ጥያቄ ነው፦ ወንበሩ ምን ያስከፍላታል? ዛሬ ባል ፍቺ ብሎ በይፋ የሚጠይቅ የለም። ነገር ግን ዋናው ስብሰባ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ የሚጠራ ከሆነ፣ ሹመቱ ወደ ሩቅ ወረዳ መዛወርን የሚጠይቅ ከሆነ፣ የወሊድ ፈቃድ የወሰደችበት ዓመት በሥራ አፈጻጸም ነጥብ የሚቀጣት ከሆነ፣ ተቋሙ ያንኑ የጥንቱን ዋጋ በሌላ ምንዛሪ እያስከፈላት ነው። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 በመሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖር ማዘዙ ለዚህ ነበር፤ ማቆያውን በሥራ ላይ ያዋለና በወረቀት ያስቀረ መሥሪያ ቤት ግን በአንድ ሠንጠረዥ እኩል ይመዘናሉ።

አራተኛው የወለተ ጴጥሮስ ጥያቄ ነው፦ ከእርሷ በኋላ ማን ይመጣል? አንዲት ሴት ስትወርድ ሌላ ለመወዳደር የበቃች ሴት በደረጃው ላይ ከሌለች፣ ተቋሙ ያለው መሪ እንጂ መሰላል አይደለም። ይህን ለማወቅ የላይኛውን ወንበር ሳይሆን ከእርሱ በታች ያሉትን ሁለት እርከኖች በየዓመቱ መቁጠር ያሻል።

እነዚህን አራት ጥያቄዎች ለመመለስ ውድ አማካሪ መቅጠር አያስፈልግም። የሦስት ዓመት ቃለ ጉባዔ፣ የሹመት ደብዳቤዎች፣ የደመወዝ መዝገብና ከሥራ የለቀቁ ሴቶች የሰጡት ምክንያት ይበቃል። ሁሉም በየመዝገብ ቤቱ አለ። የጠፋው የሚጠይቅ ነው።

ሁለት መቃወሚያዎች

«ችሎታ እንጂ ፆታ አይታይ» የሚሉ ወገኖች አሉ። ብችል ኖሮ ከእነርሱ ጋር በተስማማሁ። ነገር ግን መኳንንቱ ጣይቱን ሲያገልሉ የጎደላት ችሎታ ነበር? የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ዘውዱን ለወንድ ሲወስን የተመዘነ ብቃት ነበር? ችሎታን ብቻ እንይ ማለት የሚያምረው ሚዛኑ አስቀድሞ ከተስተካከለ ነው። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚል ተረት ያለው ሕዝብ ሚዛኑ እንዳዘነበለ ራሱ መስክሯል፤ ተረቱ እኮ ሴት አታውቅም አላለም። ታውቃለች፤ ግን የሚያልቀው በወንድ ነው አለ።

ሌሎች ደግሞ ነገሩ ሁሉ የፈረንጅ አጀንዳ ነው ይላሉ። በአዋሽ ማዶ ያለ ሁሉ ባዕድ ከሆነ፣ በደቡብ ጎንደር በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተችው አውራምባስ? ዙምራ ኑሩ የሚባሉ ማንበብና መጻፍ ያልተማሩ የአገር ሰው ያቋቋሟት ያች ማኅበረሰብ፣ ወንድ እንጀራ የሚጋግርባት፣ ሴት የምታርስባት፣ ሥራ በፆታ ሳይሆን በችሎታ የሚከፋፈልባት ናት። አሳቡ የመነጨው ከዚያው ከደጋው አፈር ነው። ለብዙ ዘመን እንደ እንግዳ ያገለልናትም እኛው ነን።

ለማጠቃለል ያህል፣ የላስታ ገበሬ ላሙን ያስመለሰችለት ንግሥት ታሪክ ውብ ነው። ልጆቻችን ሊሰሙት ይገባል። ነገር ግን ዜጋ የሆነ ገበሬ ላሙ እንድትመለስለት ንግሥቲቱ የንጉሡን ጆሮ እስክታገኝ መጠበቅ የለበትም። የሙጃዋ እናትም ስሟ በእርዳታ ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ የሊቀ መንበሩን ሚስት ማማለድ የለባትም። ራሷ በዚያ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጣ፣ ድምፅ ሰጥታ፣ ቃለ ጉባዔው ላይ በስሟ መፈረም አለባት። በሚቀጥለው ሰኔ ሠንጠረዡ ወደ ጠረጴዛችን ሲመጣ «ስንት ናቸው?» ብለን ከጠየቅን በኋላ አንድ ጥያቄ እንጨምርበት፦ «ማኅተሙስ በማን እጅ ነው?»